ከውሃው በላይ 3 ሜትር፦ ትንሿ የውሃ አውሮፕላን ለምን ጎበዞችን ትገድላለች?

ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን ሐይቁን ልትነካ ጥቂት ቀርቷት ትከንፋለች፣ ክንፏን አጋድላ ትዞራለች፣ ከዛ ልክ እንደ ጀልባ ውሃው ላይ ቁጭ ትላለች። ቪዲዮው 20 ሰከንድ ነው፣ ሙዚቃ አለው፣ ላይኩ ብዙ ነው። ከስር የሚጻፈውም ያው የታወቀው ነው፦ «ወይኔ፣ አንድ ቀን!»

ምኞት አይከለከልም። ግን ቪዲዮው የማያሳየን ነገር አለ። በ2017 የዚህ ዓይነት አንድ ሞዴል አውሮፕላን በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ በሁለት አደጋዎች ሦስት ሰው ገድላለች። መርማሪዎች ሁለቱንም አደጋዎች አገላብጠው አዩ። ሞተሩም ክንፉም መሪውም ላይ ለአደጋው ምክንያት የሚሆን ብልሽት አላገኙም። ችግሩ የተበረረበት ከፍታ ነበር። ከፍታውን የመረጠው ደግሞ ሰው ነው።

እስቲ ነገሩን ከስሩ እንየው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እንናገራለን።)

■ ምን ዓይነት አውሮፕላን ነች?

በእንግሊዝኛው «አምፊቢየስ» ትባላለች። እንቁራሪትም በዚሁ ስም ነው የምትጠራው፤ በውሃም በየብስም ትኖራለችና። አውሮፕላኗም እንደዛው ናት። ሆዷ እንደ ጀልባ የተሠራ ስለሆነ ውሃ ላይ ትንሳፈፋለች። ጎማዎቿ ደግሞ ይታጠፋሉ፤ ሲዘረጉ እንደማንኛውም አውሮፕላን አስፋልት ላይ ታርፋለች።

ዱባይ ወይም ማልዲቭስ ላይ ቱሪስት የሚያመላልሱት የውሃ አውሮፕላኖች ሌላ ናቸው። እነሱ የንግድ በረራዎች ናቸው፤ የሚያበሩት በሙያው የሚኖሩ ፓይለቶች ናቸው፣ ቁጥጥሩም የዚያኑ ያህል ጠበቅ ያለ ነው። እኛ የምናወራው ለመዝናኛ ስለምትበረረው፣ ባለቤቷ ራሱ ቅዳሜና እሁድ ስለሚያበራት ትንሽዬ አውሮፕላን ነው።

አሜሪካ ውስጥ የነዚህ ነገር የሰፋው በ2004 ነው። የሀገሪቱ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤኤ፣ «ቀላል የስፖርት አውሮፕላን» የሚል አዲስ ምድብ አወጣ። ምድቡ ሲወጣ የተቀመጠው ልክ ይህ ነበር፦ ከሁለት ወንበር የማይበልጥ፣ ውሃ ላይ ለሚያርፉት ክብደት እስከ 650 ኪሎ፣ ፍጥነት በሰዓት እስከ 222 ኪሎ ሜትር። ለዚህ የሚሰጠው የስፖርት ፓይለት ፈቃድ ቢያንስ 20 ሰዓት የበረራ ሥልጠና ይጠይቃል። መደበኛው የግል ፓይለት ፈቃድ 40 ሰዓት ነው። የጤና ምርመራውም ቀለለ፤ ለብዙዎቹ የመኪና መንጃ ፈቃድ በቂ ሆነ።

ሀሳቡ መጥፎ አልነበረም። መብረር የሀብታምና የወታደር ብቻ እንዳይሆን ነው። ነገሩ ግን ሌላም በር ከፈተ።

■ «የሰማይ ጄት ስኪ»

በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ አይከን የሚባል ኩባንያ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ የኤፍ-16 ተዋጊ ጄት አብራሪ የነበረ ሰው ነው። ኩባንያው የሠራት ኤ5 የምትባለው አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረችው በ2008 ነበር።

ኤ5ን ያየ ሰው መውደዱ አይቀርም። ክንፎቿ ይታጠፋሉ፤ ከመኪና ኋላ ተጎትታ ቤት ትገባለች። ውስጧ የስፖርት መኪና ነው የሚመስለው። ሞተሯ 100 የፈረስ ጉልበት አለው። ማስታወቂያዎቿም ውሃ ታክካ ስትከንፍ፣ ወጣቶች በዋና ልብስ ክንፏ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ የሚያሳዩ ነበሩ። ጄት ስኪ ክንፍ አወጣ በሉት።

ከሁሉ በላይ ግን ኩባንያው የኮራው በደህንነቷ ነው። እዚህ ጋ ሁለት ቃላት ማወቅ አለብን።

ስቶል፦ ክንፍ አውሮፕላንን የሚይዘው አየሩ በላዩ ላይ በትክክል ሲፈስ ነው። አብራሪው አፍንጫዋን ከልክ በላይ ካቀናው አየሩ ከክንፉ ይላቀቃል፣ ክንፉም መያዙን ይተዋል። ሞተሩ እየሠራ ማለት ነው! አውሮፕላኗ ትወድቃለች።

ስፒን፦ ስቶል ሲሆን አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ከለቀቀ አውሮፕላኗ እየተሽከረከረች ትወርዳለች።

ኤ5 ስፒን ውስጥ እንዳትገባ ተደርጋ ነው የተነደፈችው። ለዚህ ሲባል ከተፈቀደው በላይ እንድትከብድ ኤፍኤኤ በ2013 ልዩ ፈቃድ ሰጥቷታል። ለስቶል ምን ያህል እንደቀረባችሁ የሚያሳይ ጌጅ ፊት ለፊት ተገጥሞላታል። አውሮፕላኗን ሙሉ በሙሉ አንጠልጥሎ የሚያወርድ ፓራሹትም አላት።

እንግዲህ ይህችን የመሰለች ለስህተት ይቅር ባይ አውሮፕላን ይዞ ሰው እንዴት ይሞታል?

■ ግንቦት 2017፦ መውጫ የሌለው ሸለቆ

ቤሪየሳ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተራሮች መሃል ያለ ረጅም ሐይቅ ነው። ከሐይቁ ወደ ተራራው የሚገቡ ብዙ ሸለቆዎች አሉት። ሜይ 8 ቀን 2017 ጠዋት አንዲት ኤ5 ሁለት ሰው ይዛ ሐይቁ ላይ ትበር ነበር። የሚያበሩት ሰው ተራ ሰው አልነበሩም፤ አውሮፕላኗን ከነደፉት የኩባንያው ዋና መሐንዲሶች አንዱ ናቸው። አጠገባቸው የተቀመጡት ደግሞ ኩባንያውን ገና የተቀላቀሉ የሥራ ባልደረባ ናቸው።

ጀልባ ላይ የነበረ ሰው አውሮፕላኗን ከውሃው በላይ ከ9 እስከ 15 ሜትር በሚሆን ከፍታ ስታልፍ አያት። ከዛ አንድ ሸለቆ ውስጥ ገባች። ሸለቆው መጨረሻው ዝግ ነው፤ በሦስት በኩል ተራራ ይነሳል። ለመውጣትም ለመዞርም ሞከረች፣ አልሆነም። ሁለቱም ሞቱ።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ፣ ኤንቲኤስቢ፣ መርምሮ የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ አብራሪው ዝቅ ብለው ሲበሩ ከመሬቱ በቂ ርቀት አልጠበቁም፤ ዝግ ሸለቆ ውስጥም በስህተት ገብተዋል። ለምን እንደገቡ በእርግጠኝነት ማወቅ አልተቻለም።

አስቡት። አውሮፕላኗን ከእሳቸው በላይ የሚያውቃት ሰው ማግኘት ይከብዳል። አካባቢው የኩባንያው የልምምድ ሰፈር ነው። ያም ሆኖ አንድ የተሳሳተ መታጠፊያ በቃ።

■ ኅዳር 2017፦ ሮይ ሃላዴይ

ሮይ ሃላዴይ የአሜሪካ ቤዝቦል ከዋክብት አንዱ ነበር። ኳስ ወርዋሪ ነው። በሜይ 29 ቀን 2010 «ፍጹም ጨዋታ» የሚባለውን ብርቅ ነገር ሠርቷል፤ ማለትም 27 ተጋጣሚ በተከታታይ ሲመጣበት አንዱንም ሳያሳልፍ ጨረሰ። የዓመቱ ምርጥ ወርዋሪ የሚያሰኘውን ሽልማት ሁለቴ ወስዷል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ልቡን የሰጠው ለበረራ ነው። አባቱም ፓይለት ነበሩ። በኦክቶበር 2017 የራሱን ኤ5 ተረከበ። ደስታውን በማኅበራዊ ገጹ ላይ ሲያካፍል፣ በውሃ ላይ ዝቅ ብሎ መብረር ተዋጊ ጄት የማብረር ያህል እንደሆነ ጽፎ ነበር።

ኩባንያው ከቤሪየሳው አደጋ በኋላ፣ በዚያው ኦክቶበር፣ ዝቅ ብሎ ስለመብረር መመሪያ አውጥቶ ለባለቤቶች ልኳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኖቬምበር 7፣ ሃላዴይ ፍሎሪዳ ውስጥ ከአንድ ሐይቅ ብቻውን ተነሳ።

የአውሮፕላኗ መረጃ መቅጃ የሆነውን ሁሉ ይዞታል። ውሃውን ታክኮ በረረ፤ በአንድ ወቅት ከውሃው የነበረው ርቀት 3 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም፣ ያውም በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ። ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ በኃይል ያጋድላል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። የመጨረሻው መውጣት ላይ ፍጥነቱ ወረደ። የዓይን እማኝ እንዳለው አውሮፕላኗ ከ90 እስከ 150 ሜትር ያህል ወጥታ ዞረችና በአፍንጫዋ ወደ ውሃው ወረደች። የተገኘችው ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል በማይሞላ ውሃ ውስጥ ተገልብጣ ነው። ሰው ቆሞ ሊራመድበት በሚችል ውሃ!

ዕድሜው 40 ነበር። የሁለት ልጆች አባት ነው። በአጠቃላይ 700 ሰዓት ያህል በሯል፤ በኤ5 ግን 50 ሰዓት ያህል ብቻ።

ኤንቲኤስቢ በ2020 ባወጣው ሪፖርት በሰውነቱ ውስጥ የሚያነቃቃ መድኃኒት፣ ጠንካራ የህመም ማስታገሻና የእንቅልፍ መድኃኒት መገኘቱን ገልጿል። ድምዳሜውም ሃላዴይ በነዚህ ተጽዕኖ ሥር ሆኖ ዝቅ ባለ ከፍታ ኃይለኛ እንቅስቃሴ ለማድረግ የተሳሳተ ውሳኔ ወሰነ የሚል ነው። በ2019 ስሙ የቤዝቦል የክብር መዝገብ ውስጥ ሲገባ መድረኩ ላይ ወጥታ የተናገረችው ባለቤቱ ነበረች።

■ ከፍታ ማለት ጊዜ ነው

ሁለቱ አደጋዎች የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፦ ጊዜ አልነበረም። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ስልካችሁ ላይ አስሉት።

በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ማለት በየሰከንዱ 42 ሜትር ገደማ መሄድ ነው። ሁለት ሰከንድ ዓይናችሁን ወደ ስልክ ካዞራችሁ 84 ሜትር ሄዳችኋል። የኳስ ሜዳን አብዛኛውን ርዝመት ሳታዩ አለፋችሁት ማለት ነው።

ከ10 ሜትር ላይ የተለቀቀ ነገር መሬት ለመድረስ የሚፈጅበት አንድ ሰከንድ ተኩል አይሞላም። ከ100 ሜትር ላይ አራት ሰከንድ ተኩል። ከ1,000 ሜትር ላይ ግን፣ የአየሩን ግፊት ሳንቆጥር እንኳ፣ 14 ሰከንድ ነው። ለፓይለት 14 ሰከንድ ብዙ ነው፤ አፍንጫዋን ዝቅ ያደርጋል፣ ፍጥነት ይሰበስባል፣ ይወጣል።

ስለ መዞርም እንዲሁ። በዚሁ ፍጥነት ክንፍን 45 ዲግሪ አጋድሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ለመዞር 360 ሜትር ገደማ ስፋት ያስፈልጋል። ሸለቆው ከዛ ከጠበበ መዞር የለም። «ታዲያ የበለጠ ማጋደል ነዋ!» ትሉ ይሆናል። 60 ዲግሪ ስታጋድሉ እውነት ነው ስፋቱ ወደ 210 ሜትር ይወርዳል። ግን ከፍታ ሳትለቅ የምትዞረው አውሮፕላን ክብደቷ እጥፍ እንደሆነ ነው የሚቆጠረው፤ እናንተም 60 ኪሎ ከነበራችሁ 120 ኪሎ ትሆናላችሁ። ክንፉ ያንን ሁሉ መሸከም ስላለበት ስቶል የሚመጣበት ፍጥነት በ41 በመቶ ያድጋል። ቀጥ ብላ ስትበር በ80 ኪሎ ሜትር ስቶል የምታደርግ አውሮፕላን አሁን በ113 ላይ ታደርጋለች። ፓይለቱ «ገና ፍጥነት አለኝ» እያለ ክንፉ ይለቀዋል።

ስፒን የማታደርግ አውሮፕላን ስቶል አታደርግም ማለት አይደለም። ፓራሹቱም ለመዘርጋት ከፍታና ሰከንዶች ይፈልጋል፤ ከውሃው በላይ 10 ሜትር ላይ ያለ ሰው ሁለቱም የሉትም። አውሮፕላኗ ስህተትን ይቅር የምትለው የምትወድቅበት ቦታ ሲኖራት ብቻ ነው።

■ ሕጉ አይከለክልም?

ብዙ ሰው የሚገረመው እዚህ ጋ ነው። በአሜሪካ ሕግ ከተማ ላይ የሚበር አውሮፕላን በዙሪያው ካለው ከፍተኛ ነገር 305 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ከከተማ ውጭ ደግሞ 152 ሜትር። ሰው በሌለበት አካባቢና ክፍት ውሃ ላይ ግን የታችኛው ወሰን የለም፤ ከሰው፣ ከጀልባና ከሕንፃ 152 ሜትር መራቅ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ ባዶ ሐይቅ ላይ በ3 ሜትር መብረር በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በግዴለሽነት መብረር ግን የትም የተከለከለ ነው።

«ሕጋዊ ነው» እና «አያሰጋም» የተለያዩ ናቸው። ሕጉ በዋናነት የጠበቀው ታች ያለውን ሰው ነው። ላይ ያለው ራሱን ይጠብቅ ተብሎ ተትቷል።

■ ጎበዝ ሰው ለምን ይደፍራል?

ሁለት መልስ አለው።

የመጀመሪያው መሣሪያው ራሱ ነው። አንድ ዕቃ «አስተማማኝ ነው» ሲባል ሰው የተረፈውን ደህንነት ለድፍረት ያውለዋል። ጥሩ ፍሬን ያለው መኪና የያዘ ሾፌር ይበልጥ ይነዳል፤ ሄልሜት ያደረገ ባለሞተር ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ፓራሹት ያላት፣ ስፒን የማታደርግ አውሮፕላን ያለውም እንደዛው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላል ያገሬ ሰው፤ 300 ሜትር ላይ በሰላም መሄድ ሲቻል 3 ሜትር ላይ መውረድ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው። ኤፍኤኤ ፓይለቶችን ሲያስተምር አምስት አደገኛ አስተሳሰቦች ብሎ ይዘረዝራል፤ ለእያንዳንዱም ለራስ የሚነገር ማርከሻ አለው። በኛ አማርኛ እንዲህ ይሆናል፦

1. «ማን ነው የሚያዘኝ?» — ማርከሻው፦ ሕጉን ተከተል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው።
2. «ቶሎ፣ አሁኑኑ!» — ማርከሻው፦ ቀስ በል፤ መጀመሪያ አስብ።
3. «እኔን አይነካኝም።» — ማርከሻው፦ እኔም ላይ ሊደርስ ይችላል።
4. «ቆይ ላሳያችሁ!» — ማርከሻው፦ በዕድል መጫወት ሞኝነት ነው።
5. «ምን አባቴ ላድርግ፣ በቃ።» — ማርከሻው፦ አቅመ ቢስ አይደለሁም፤ ማድረግ የምችለው አለ።

ዝርዝሩ ለፓይለት ይጻፍ እንጂ ባጃጅ፣ ሞተርና መኪና ለሚነዳም ይሠራል። አራተኛው በተለይ ስልክና ካሜራ ባለበት ቦታ ሁሉ አለ። ተመልካች ያለው ሰው ዝቅ ይላል፣ ያጋድላል፣ ይደግማል። እና ተመልካቹ እኛ ነን።

■ ውሃ የራሱ ወጥመዶች አሉት

ውሃ ላይ ማረፍ ከአስፋልት ይቀላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ አለ ስንጥር።

ጎማ፦ አስፋልት ላይ ጎማ ሳይዘረጋ ያረፈ ሰው ብዙ ጊዜ አውሮፕላኗን ፍቆ፣ አፍሮ ይወጣል። ውሃ ላይ ጎማ ዘርግቶ ያረፈ ግን ጎማው ውሃውን ይይዘውና አውሮፕላኗ በአፍንጫዋ ትገለበጣለች። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ፓይለቶች ከማረፋቸው በፊት ድምፃቸውን አውጥተው «የማርፈው ውሃ ላይ ነው፣ ጎማ ታጥፏል» የሚሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቼክሊስቱን በችኮላ ያለፈ ውሃው ላይ ያገኘዋል።

መስታወት ውሃ፦ ነፋስ በሌለበት ቀን ሐይቅ እንደ መስታወት ይሆናል። ለፎቶ የሚያምረው ያ ውሃ ለፓይለት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሰማዩን ስለሚያንጸባርቅ ውሃው የት እንደሚጀምር ዓይን አይለይም። 10 ሜትር ይቀረኛል ያለ ሰው ውሃው ውስጥ ሊሆን ይችላል። የሠለጠኑት በዓይናቸው አይተማመኑም፤ ወደ ዳርቻው ተጠግተው፣ አፍንጫዋን በልኩ ይዘው፣ ሞተሩን ሳያጠፉ በጣም በዝግታ ይወርዳሉ።

ሽቦ፦ ወንዝና ሸለቆ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ከአየር ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ዝቅ ብሎ የሚበር የሚያየው ሲደርስበት ነው።

ተንሳፋፊ ነገር፦ ግንድ፣ የጀልባ ሞገድ፣ ጄት ስኪ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚያርፍ ቀጭን ሆድ ግንድ ማለት ድንጋይ ነው።

■ ብትገለበጥስ? ኮሞሮስ ያስተማረን

ይሄን ክፍል በተለይ አንብቡት፤ ለማንኛውም የአውሮፕላን ተሳፋሪ ይጠቅማል።

ኅዳር 14 ቀን 1989 በእኛ አቆጣጠር (ኖቬምበር 23፣ 1996) ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 961 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ካልወሰድከን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግሯቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አለቀ። ካፒቴኑ ቦይንግ 767ቱን ያለ ሞተር ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰው 125ቱ ሞቱ፣ 50 ተረፉ፤ ካፒቴኑም ከተረፉት ናቸው።

ከዛ አደጋ ዓለም የተማረው አንድ ነገር አለ። ብዙ ተሳፋሪዎች ላይፍ ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ እያሉ ነፍተውት ነበር። ውሃ ሲገባ የተነፋው ጃኬት ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸው፤ ወደ በሩ ጠልቀው መውጣት አቃታቸው። ዛሬ የበረራ አስተናጋጇ «ከአውሮፕላኑ ሳትወጡ አትንፉ» ስትል ነገሩ ወግ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሞቶበታል።

ትንሿ አውሮፕላን ላይም ሕጉ ያው ነው። ተገልብጣ ውሃ ስትሞላ ሰው አቅጣጫ ይጠፋዋል፤ ላይ ታች ይሆናል። የውሃ ውስጥ ማምለጥ ሥልጠና የሚሰጡ የሚያስተምሩት ይህን ነው፦

1. አንድ እጅ በሩን ወይም መስኮቱን ይያዝ፣ ፈጽሞ አይልቀቅ። መውጫውን የምታውቁት በዛ እጅ ነው።
2. መናወጡ እስኪቆም ጠብቁ።
3. በሩን ክፈቱ።
4. ቀበቶ የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከፈታችሁት ትንሳፈፉና አቅጣጫ ይጠፋችኋል።
5. በያዛችሁት እጅ ራሳችሁን ስባችሁ ውጡ።
6. ውጭ ከሆናችሁ በኋላ ጃኬቱን ንፉ።

■ ከመነሳት በፊት፦ ፓይለቱስ ደህና ነው?

የስፖርት ፓይለት መንጃ ፈቃድ ከበቃው፣ ዛሬ ጤነኛ ነኝ ወይ የሚለውን የሚመልሰው ራሱ ነው። ለዚህም ፓይለቶች በየበረራው ራሳቸውን የሚጠይቁት ዝርዝር አለ፦ አሞኛል? መድኃኒት ወስጃለሁ? ጭንቀት አለብኝ? ጠጥቻለሁ? ደክሞኛል? ተናድጃለሁ ወይ አዝኛለሁ? ከስድስቱ በአንዱ «አዎ» ካለ እንዳይበር ነው የሚመከረው። አልኮልን በተመለከተ የአሜሪካ ሕግ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ቢያንስ 8 ሰዓት ይላል። መድኃኒት ላይ ደግሞ ሐኪም ያዘዘው መሆኑ ለመብረር ፈቃድ አይሆንም፤ የሚያስተኛ፣ የሚያነቃቃ ወይም ጠንካራ የህመም ማስታገሻ የወሰደ ሰው መሪ መያዝ የለበትም።

■ «ና እናብርህ» ብትባሉስ?

ውጭ ሀገር ያላችሁ፣ የሥራ ባልደረባ ወይም ጓደኛ አንድ ቀን ሊጋብዛችሁ ይችላል። ከመሳፈራችሁ በፊት ጠይቁ። ጥሩ ፓይለት በጥያቄ አይከፋም፤ የሚከፋ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ጠቅላላ ስንት ሰዓት በረሃል? በዚች ሞዴልስ? (ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይበልጣል።)

የምንሄድበትን ሐይቅ ታውቀዋለህ? ሽቦ የት የት አለ?

በስንት ሜትር ነው የምንበረው? «ዝቅ ብለን እናዝናናችኋለን» ካለ «እኔ ከፍ ሲል ይሻለኛል» በሉ። ተሳፋሪ እንዲህ የማለት ሙሉ መብት አለው።

በሩ እንዴት ይከፈታል? ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ራሳችሁ ሞክሩት።

ፓራሹቱ ካላት እጀታው የት ነው? ፓይለቱ ራሱን ቢስት የምትስቡት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ፦ ቪዲዮ ስትቀርጹ «ትንሽ ዝቅ በል፣ ይታይ» አትበሉ።

■ አሁን የት ደረሰ?

ኤ5 በ2017 መጨረሻ ዋጋዋ 389,000 ዶላር ደርሶ ነበር። አይከን ኩባንያ በኤፕሪል 2024 የኪሳራ ጥበቃ ለፍርድ ቤት አመለከተ። የአውሮፕላኖቹ ዓይነት ግን አልቆመም። በጁላይ 2025 ኤፍኤኤ የ2004ቱን ምድብ በሰፊው የሚያሻሽል ደንብ አወጣ፤ የቀድሞው የክብደት ገደብ ተነስቶ ስፖርት ፓይለቶች ሊያበሯቸው የሚችሏቸው አውሮፕላኖች በዙ። ወደፊት ብዙ ሰው፣ የተሻሉና የከበዱ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ያበራል ማለት ነው። ቪዲዮውም ይበዛል።

ሐይቁ ከ300 ሜትር ላይም ያው ሐይቅ ነው፤ እንዲያውም ዳር እስከ ዳር ይታያል። ሞተር ቢጠፋ ማረፊያ ለመምረጥ፣ የተሳሳተ ሸለቆ ቢገባ ለመዞር፣ ክንፉ ቢለቅ ለማስተካከል ጊዜ አለ። ቪዲዮው እንደዛኛው ላያስጮህ ይችላል፤ ሰውየው ግን ማታ ቤቱ ይገባል።

ለሚበርም፣ ለሚነዳም፣ «አንድ ቀን» ለሚልም ጓደኛችሁ አድርሱት።